አረም የማይበቅልበት ግቢ

በእኛ ግቢ አረም አይበቅልም ነበር። ሰው በምን ይኮራል? አንዱ በመኪናው፣ አንዱ በልጁ ትምህርት፤ እኛ ቤት ደግሞ የምንኮራው በዚህ ነበር። ዝናብ ሲወርድ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰፈሮች ጭቃ ሲያቦኩ ይውላሉ፤ የእኛ ሰፈር ልጆች በነጭ ካልሲ ግቢያችን ውስጥ እንሯሯጣለን። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ውኃ ሲያርፍበት ጠጥቶ ዝም ነው። ሣር የለ፣ እሾህ የለ፣ ትል እንኳ የለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጠረግ ጠረግ ስታደርገው ሳሎን ይመስላል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጫማህን አትጥረግ፣ ግባ ዝም ብለህ! እዚህ ግቢ ጫማ አይቆሽሽም!» ይላል። ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል።

ያመጣው እሱ ነዋ! አባቴ ወንዙ ዳር በነበረው የባትሪ ፋብሪካ የምድጃው ክፍል አለቃ ነበር። አሮጌ የመኪና ባትሪ ይሰበራል፣ ውስጡ ያለው እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ይቀልጣል፣ ከምድጃው አፍ ደግሞ ጥቁር ዝቃጭ ይወጣል። ያ ዝቃጭ ሲቀዘቅዝና ሲደቅ ኮረት ይሆናል። ፋብሪካው የሚደፋበት ቦታ ሲጠበው አባቴ፣ «ለምን ይደፋል? ጭቃ ላስመረረው ሰው ይታደል እንጂ» አለ። በጋሪ እያስጫነ ከወንዙ ዳር እስከ ባለሱቋ ቤት ድረስ የጎረቤቱን ግቢ ሁሉ አለበሰ። ሴቶቹ መረቁት። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ አጥሩ ዝጎ፣ እሱም በየሰው ቤት ቧንቧ እየጠገነ ማደር ከጀመረ በኋላ እንኳ ሰፈርተኛው «አለቃ» እያለ ነበር የሚጠራው።

እኔ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራም ነበረኝ፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ታናሽ ወንድሜን ድንቡሼን መጠበቅ ነበር ሥራዬ።

ድንቡሼ ይህን ስም ያገኘው ሲወለድ ነው። ጉንጩ ዓይኑን ሊደፍነው የደረሰ ሕፃን ነበር። በዚያ ዓመት ግን ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይነጫነጫል፣ የቀረበለትን ምግብ ይገፋል። «አባ»፣ «ማማ» ማለት ጀምሮ የነበረው ልጅ ቀስ በቀስ እርግፍ አድርጎ ተወው። ባለሱቋ፣ «ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም፣ ምን ያስጨንቅሻል?» እያለች እናቴን ታጽናናታለች። ልጁ ደስ የሚለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቤታችን ደረጃ ሥር፣ ከውኃው ቧንቧ አጠገብ። እዚያ ቁጢጥ ይልና ጥቁሩን ኮረት በጣቱ እየጫረ ይልሳል።

«ዘበኛዬ» ይለኛል አባቴ ሲወጣ፣ «ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ወደ አፉ ከወሰደ እጁን ምቺው።»

እመታዋለሁ። ያለቅሳል። ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ቀን፣ ይሄ ልጅ ምን አግኝቶበት ነው ብዬ እኔም በምላሴ ጫፍ ቀመስኩት። ትንሽ ይጣፍጣል። ተፋሁት እንጂ አልገረመኝም፤ የእኛ ግቢ አፈር ከሰው ግቢ አፈር ቢበልጥ ምን ይገርማል?

እርሳስ የሚባለው ያ መርዝ ጣፈጥ እንደሚል፣ ሕፃናትን የሚያታልለውም በዚሁ እንደሆነ ሐኪም የነገረኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የነገረን አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ቀን ነጭ መኪና መጣችና የፋብሪካው አጥር ሥር ቆመች። ነጭ ቱታ የለበሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን የሸፈኑ ሰዎች ወረዱ። እኛ ልጆች የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ተደርድረን እናያለን። ገመድ ዘረጉ፤ በገመዱ ላይ ትንንሽ ቀይ ባንዲራ ተከሉ። ጠርሙስ በሲባጎ አስረው ወደ ወንዙ እየጣሉ ውኃ ቀዱ። አንደኛው ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ይዞ መሬቱን ይነካል፤ መሣሪያው ጥይት መተኮሱን ትቶ እሪ ይላል። እሪ ሲል ደግሞ ረጅም ጠመዝማዛ ብረት ያመጡና ሁለት ሆነው እያሽከረከሩ ይቆፍራሉ። ምን እንደሚፈልጉ የሚነግረን ጠፋ። ትልልቆቹ ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ያያሉ፤ እኛ ስንጠጋቸው ወሬያቸውን ይቆርጣሉ።

የሰዎቹ አለቃ ሴት ነበረች። ቀጭን ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ ቡትስ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ሰፈሩ ወዲያው «መርማሪዋ» አላት። በየቤቱ እየዞረች አንኳኳች፤ የእኛንም አንኳኳች።

«ጤና ይስጥልኝ» አለች እናቴን። «የወንዙን ዳር መሬት እየመረመርን ነው። ከነገ ወዲያ በየግቢው እንገባለን፤ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።» ከዚያ ድንቡሼን አየችው። እናቴ ታቅፋዋለች፤ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሏል። «ትንሹ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«አፈር ይበላል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች እናቴ።

እኔ ክው አልኩ። እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። «እንዴ እማዬ! ይበላል እንጂ! ዛሬ ራሱ እኮ...»

ክንዴን ያዝ አድርጋ ቆነጠጠችኝ። መርማሪዋ እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ ጥቁሩን ግቢያችንን ረጅም ጊዜ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ከጣቱ ጫፍ ትንሽ ደም ነው የሚወስዱት፣ ወዲያው ይነግሩሻል» አለችና ሄደች።

እናቴ በልጇ አፍራ ነው የዋሸችው ብዬ ደመደምኩ። አፈር የሚበላ ልጅ ያለው ሰው ቢያፍር አይፈረድበትም። አባቴ በሩ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ይሰማ እንደነበር ግን አላየሁም። እናቴ አይታው ኖሯል፤ የዋሸችው ለዚያ ነው።

ማታ እራት በልተን እኔና ድንቡሼ አልጋ ላይ ከወጣን በኋላ በመጋረጃው በኩል ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ካገኙትስ?» አለች እናቴ።

«አያገኙትም።»

«ቢቆፍሩስ? እስከ ጉልበት ይደርሳል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ይደርሳል። ግን ላዩን ነው የሚለኩት፤ ካልጮኸ አይቆፍሩም። ፋብሪካው ጋ ሲሠሩ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ላዩን ካጠፋነው ያልፉናል።»

«እሺ፣ ካገኙትስ?»

አባቴ ሲናገር ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ። «ካገኙት ቤቱ አለቀለት። ያፈርሱታል። የኛ ብቻ መሰለሽ? ሰፈሩ በሙሉ! ያደልኩት እኔ አይደለሁ? ሰው ምን ይለኛል? ይህን ቤት ጡብ በጡብ ስናቆም አብረን አልነበርንም? ሌላ ምን አለኝ?» ቀጥሎ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ልጅቷም እንዳትሰማ» አለ።

ልጅቷ ግን ሰምታለች። ሰምታም ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታይቷታል። ከግቢያችን ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ ነገር ተቀብሯል። የማያውቁን ሰዎች በመሣሪያ እየፈለጉት ነው። ካገኙት ቤት እስከ ማፍረስ ይደርሳሉ። ይህ ወርቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ወርቅ ማቅለጥ ያቅተዋል እንዴ? አባቴ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! በደስታ ብዛት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወንድሜን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ «ድንቡሼ፣ ሀብታም ነን እኮ» አልኩት በጆሮው። ሆዱን ይዞ ቃተተ።

በነጋታው ሰፈሩ ጋሪ በጋሪ ሆነ። አባቴ ከወንዙ ላይኛው ዳር፣ ፋብሪካው ካልደረሰበት ገደል ቀይ አፈር እየዛቀ ያመጣል፤ ጎረቤቶቻችንም እሱን አይተው ያመጣሉ። ባለሱቋ እንኳ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ አካፋ ይዛለች። ማንም አይስቅም፣ ማንም አይጫወትም፤ ሥራው ላይ ብቻ ነው። ለካስ ወርቁ የሰፈሩ ሁሉ ነው! አባቴ አካፍሏቸዋል ማለት ነው፤ ከዚህም በላይ ኮራሁበት። እኔም በባልዲ እያመላለስኩ ጥቁሩን መሬት በቀዩ አለበስኩት።

«ዘበኛዬ» አለኝ አባቴ ላቡን እየጠረገ፣ «ነገ ሰዎቹ ሲመጡ ምንድን ነው?»

«ዝም!»

«ምን ብትጠየቂ?»

«ዝም!»

«የኔ አንበሳ!» አለና ራሴን ዳበሰኝ።

ቀዩ አፈር ደረጃው ሥር ሲደርስ አለቀ። አባቴ ጋሪውን ይዞ ተመልሶ ሄዶ ባዶውን መጣ፤ ሰፈርተኛው ገደሉን ልጦ ጨርሶት ነበር። የቀረችውን እፍኝ እፍኝ አድርጎ በቧንቧው አጠገብ በተናት፣ በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ለበጣት። ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ነው። ጎንበስ ላለ ሰው ግን ጥቁሩ ከሥር ያሾልቃል።

ይህን እያደረገ ሳለ እናቴ ከውጭ ገባች። ድንቡሼን አዝላዋለች። የጣቱ ጫፍ በጥጥ ታስሯል።

«የት ነበርሽ?»

«ጤና ጣቢያ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ትፈቅድልኝ ነበር?»

አባቴ ቀና አለ። «ምን አሉሽ?»

እናቴ ወደ እኔ አየችና ወደ አባቴ ጆሮ ተጠግታ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። አባቴ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። የወርቁን ወሬ የጤና ጣቢያ ሰዎችም ሰምተዋል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ጉድ ፈላ!

«አፈር ስሆንልህ፣ ልጁን እየው» አለችው።

«አየሁት! ታዲያ የት ልውሰዳችሁ? መንገድ ላይ ላስተኛችሁ?»

«ሌላ ቤት ይገኛል። እሱን ግን ከየት አመጣዋለሁ?»

«ነገ ይለፍ» አለ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ። «ነገ ብቻ ይለፍልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ ዝቄ አወጣዋለሁ፤ እንደ ገባው ይወጣል። እምልልሻለሁ።»

ከልቡ እንደማለ ዛሬም አምናለሁ። ግን ያኔ ያላወቅኩት፣ ዛሬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ያ አፈር ተዝቆ የሚደፋበት ቦታ አልነበረውም፤ ሲዛቅም አቧራው ወደ አልጋችን ነበር የሚገባው። እናቴ ያኔውኑ ያወቀች ይመስለኛል።

መርማሪዋና ሰዎቿ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጡ። ከሰፈሩ ጫፍ ጀምረው ቤት ለቤት እየገቡ ነው። እኛ በር ላይ ቆመን እንሰማለን። ከአንዱ ግቢ ይገባሉ፤ ጸጥታ ነው፤ ይወጣሉ። ሁለተኛው ግቢ ይገባሉ፤ መሣሪያው አይጮህም። ባለሱቋ ጋ ገብተው ሲወጡ እሷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ለአባቴ ጠቀሰችው። አባቴ አልጠቀሳትም። የእሁድ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ደረጃው ሥር ያቺ የሳሳችው ቦታ ላይ ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ ቆሟል። እናቴ ድንቡሼን ታቅፋ በሩ ላይ ናት። አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ልጁ ይፈራገጣል።

«ግቡ፣ ግቡ!» አለ አባቴ። «ጫማችሁን አትጥረጉ!»

ያ የዘወትር ቀልዱ ነበር፤ እሱም አልሳቀ፣ እነሱም አልሳቁ።

ባለ መሣሪያው ግቢውን ከጥግ ጀምሮ ይነካካ ገባ። አጥሩ ሥር ነካ፤ ጸጥ። ልብስ ማስጫው ሥር ነካ፤ ጸጥ። እኔ ትንፋሼን ውጬ ነው የቆምኩት። ግቢው መሐል ሲነካ ትንሽ ቲክ ቲክ አለ፣ ከዚያ ተወው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቀዩን አፈር በጓንት ቆነጠረችና አሸችው።

«አፈሩ አዲስ ነው፣ ጋሼ?»

«ለልጆቹ ብዬ ነው። ለስለስ እንዲልላቸው።»

«የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለልጆቹ ያሰበው በአንድ ቀን ነው ማለት ነው» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። የደከማት ትመስል ነበር። «እዚህ፣ እርስዎ የቆሙበት ጋ ልንለካ እንችላለን?»

«እዚህ የውኃ ቱቦ አለ» አለ አባቴ። ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። ነካ ካደረጋችሁት ይፈነዳል፣ ቤቱ ውኃ በውኃ ይሆናል።»

«ላዩን ብቻ ነው፣ አንቆፍርም።»

«አይሆንም አልኩ እኮ!»

እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ባለ መሣሪያው መርማሪዋን አየ። ባለሱቋ በአጥሩ ላይ፣ «ሰው በገዛ ግቢው አይሆንም ካለ አይሆንም ነዋ!» አለች። መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ አንገቷ ላይ ለቀቀችው።

«እሺ ጋሼ። ባለቤቱ ካልፈቀደ አንነካም። እዚህ ጨርሰናል።»

ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። አሸነፍን! ልዘል ምንም አልቀረኝም። ወርቁ ተረፈ፣ ቤታችን ተረፈ። አባቴን አየሁት፤ ፊቱ ላይ የጠበቅኩት ደስታ አልነበረም።

ይሄኔ ድንቡሼ ከእናቴ እጅ አመለጠ። እኔ ያየሁት እንደዚያ ነው፤ ሲፈራገጥ ቆይቶ ተንሸራተተና መሬት ረገጠ። ሌላ ቀን ቢሆን ተወርውራ ትይዘው ነበር። ያን ዕለት ግን እጇን አጣምራ ቆመች።

ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አልጠፋውም። እየተንገዳገደ ቀዩን አፈር አቋርጦ ወደ ቦታው ሄደ። ቦታው ላይ ጫማ ቆሞበታል። ቁጢጥ አለና ከጫማው አጠገብ ያለውን ቀይ አፈር በጣቱ ጫር ጫር አደረገው። ቀምሶ ተፋው። እሱ የሚፈልገው የራሱን ነው። በሁለት መዳፉ የአባቴን ጫማ ገፋ፤ ጫማው አልነቃነቅ አለ። በሙሉ አቅሙ፣ ያቺ በጥጥ የታሰረችው ጣቱ ሳትቀር እየገፋች፣ ገፋው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየና፣

«አባ» አለ።

ያንን ቃል ከሰማነው ብዙ ወራት ሆኖን ነበር። መርማሪዋም፣ ባለ መሣሪያውም፣ ባለሱቋም ድርቅ ብለው ቀሩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ቁልቁል ልጁን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

እግሩን አነሣ።

ከጫማው ሥር ጥቁሩ ኮረት ፈጥጦ ወጣ። ድንቡሼ እፍኙን ሞልቶ ወደ አፉ ሲልከው መርማሪዋ፣ «ያዙት! እጁን ያዙት!» እያለች ሮጠች። ቀድሞ የያዘው አባቴ ነበር። ተንበርክኮ፣ ጣቱን ልጁ አፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ያንን ነገር እያወጣ፣ «ለኪው» አላት። «ቱቦ የለም። ለኪው እህቴ። እስከ ጉልበት ነው። ከዚህ እስከ ሱቁ ድረስ እኔ ነኝ ያለበስኩት።» መሣሪያው ሲነካው ሰፈሩን የሚያውክ እሪታ አሰማ።

«አለቃ!» አለች ባለሱቋ በአጥሩ ላይ። «ገደልከን እኮ! ገደልከን!»

እኔ ደሜ ፈላ። ይሄን ያህል ደክመን፣ በባልዲ አመላልሼ፣ ዝም ብዬ፣ አባቴ በገዛ እጁ አሳልፎ ይስጠው? ሮጬ ሄጄ ያቺ ጥቁር ቦታ ላይ በሁለት እግሬ ቆምኩባት። «አይነካም!» አልኩ። «የኛ ነው! ወርቁን የቀበረው አባዬ ነው!»

መርማሪዋ ወደ ወንዙ ዞረች። አባቴ ድንቡሼን እንደታቀፈ በአንድ እጁ እኔን ሳበኝና ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። ትከሻው ሲርገፈገፍ የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ፈረሰ። ሰፈሩ በሙሉ ፈረሰ። ከወንዙ ራቅ ብሎ በተተከሉ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ አሰፈሩን። በመጀመሪያዎቹ ወራት አባቴን ሰላም የሚለው ጠፋ፤ ውኃ ለመቅዳት ስንሰለፍ እንኳ ክፍተት ትተውልን ይቆማሉ። በኋላ የልጆቹ ሁሉ ደም ተመረመረ። አንድ ቀን ባለሱቋ የልጅ ልጇን ታቅፋ መጣች፤ የሕፃኗም ጣት በጥጥ ታስሯል። እናቴ አጠገብ ብዙ ሰዓት ተቀመጠች። ስትነሣ አባቴን፣ «እንዴት ዋልክ፣ አለቃ» አለችው። ከዚያ በኋላ ሌላውም ሰው ሰላም አለው።

እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወንዙ ድልድይ ላይ ቆሜ የሰፈራችንን ቁፋሮ አያለሁ። ጥቁሩን አፈር እየዛቁ በትልልቅ መኪና ይጭናሉ፣ በሸራ ጥፍር አድርገው ይሸፍኑታል፣ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ጎማውን በውኃ ያጥቡታል፤ ያጠቡበትንም ውኃ በበርሜል ያጠራቅሙታል። አያችሁ፣ የወርቁ ብናኝ እንኳ እንዳያመልጣቸው ነው! እንዴት ያሉ ስስታሞች ናቸው እያልኩ ተበሳጨሁ። ጎማ የሚታጠበው መርዙ ከተማ እንዳይገባ መሆኑን ያወቅኩት በጣም ቆይቶ ነው፤ ወርቅ አለመኖሩን አምኜ መቀበሉ ግን ከዚያም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

እናቴን ካደግኩ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «እማዬ፣ የዚያን ዕለት ድንቡሼን ለቀሽው ነው ወይስ አመለጠሽ?»

«እጄ ዛለ» አለችኝ። «ከበደኝ።»

ድንቡሼ ያኔ ከድመት አይከብድም ነበር። ደግሜ አልጠየቅኳትም። አባቴም ጠይቋት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ በዚያ ጉዳይ ሲወቃቀሱ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ድንቡሼ ዳነ ልበል? ደሙ ጠራ፣ ጉንጩ ተመለሰ፣ አፉን ፈታ። ግን ቁጥር አይዝለትም፣ ንባብ ይከብደዋል፣ ሲናገር ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነው። ሐኪሙ፣ «ሌላ ዓመት ቆይታችሁ ቢሆን ይህንንም አታገኙትም ነበር» ብሎናል። ዛሬ ችግኝ ጣቢያ ይሠራል። ቁመቱ እኛን ሁላችንን ይበልጣል፤ ውኃ ሲያጠጣ ያየው ሰው ችግኞቹን የሚያናግራቸው ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት የወንዙ ዳር ጸድቶ ለሕዝብ ተከፈተ ሲባል አራታችን ሄድን። አባቴ ከዘራውን ይዞ፣ እናቴ ክንዱን ይዛ። አጥር የለም፣ ፋብሪካ የለም፤ ሜዳ ነው። ዝናብ በቅርቡ ዘንቦ ነበር። አባቴ ከድልድዩ ምሰሶ እየገመተ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ቆመ።

«ደረጃው እዚህ ነበር» አለ። ወደ ጫማው አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እግሩን አነሣ።

ከሥሩ የተረገጠ ለምለም ነገር ቀና ሲል አየን። የዘራው ሰው የለም፣ የሚፈልገውም የለም። «አረም!» አለ አባቴ። «ኧረ እዩልኝ! እዚህ አረም በቀለ እኮ!» እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ሊደብቀው አልሞከረም።

«ታዲያ አትነቅለውም?» አለችው እናቴ ልታሾፍበት።

«እጄን ይቁረጠው!»

ድንቡሼ አረሙን ለማየት ቁጢጥ አለ። ጣቱን መሬቱ ውስጥ ሰካና ጫር አደረገው። እፍኝ አፈር አነሣና ወደ ፊቱ አስጠጋ። እኔ እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፤ «እጅህን!» ብዬ ስጮህና መዳፉን ስመታው ራሴን አገኘሁት። አፈሩ ተበተነ። ሜዳው ላይ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን።

ወንድሜ የተመታ እጁን አየ፣ እኔን አየ። ቃሉን ፈለገ።

«ዘበኛዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አልበላም እኮ። ላሸተው ነው።»

ጎንበስ ብሎ ሌላ እፍኝ አነሣ። ማናችንም አልከለከልነውም። አፍንጫው ሥር ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ማገው።

«ምን ምን ይላል?» አለው አባቴ።

ድንቡሼ አሰበ፤ እኛም ጠበቅነው።

«አፈር አፈር» አለ።